የእናቴን ሳሎን እንዳሳመርኩት

፫.

መጀመሪያ ሶፋውን አውጡ።

ሁሉንም። ትልቁንም፣ ነጠላዎቹንም፣ መሀል ያለችውን ጠረጴዛም። ቡፌው ከከበዳችሁ ዕቃውን አራግፋችሁ ባዶውን ጎትቱት። ቴሌቪዥኑን አልጋ ላይ አስተኙት። ዕቃ የሞላበት ክፍል ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ማሳመር አይቻልም፤ ዐይን ይሸወዳል። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ነው የት ምን እንደሚጎድለው የሚታየው። ይህን ለደንበኞቼ ሁሌ እነግራቸዋለሁ፣ እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

(፩ እና ፪ ነበሩ። ሰረዝኳቸው። ፩ ላይ ሰላምታ አቅርቤ ነበር፣ ፪ ላይ ደግሞ ቀልድ ነበር። አሁን ሁለቱም አያምሩብኝም።)


፬.

ዝናሽ እባላለሁ። አዲስ አበባ፣ የቤት ማስጌጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ፍሬም፣ መስታወት፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ ውሃ የማይጠጣ የፕላስቲክ ሣር እንሸጣለን። ከዕቃው ጋር ምክር እሰጣለሁ፤ ምክሩ በነፃ ነው። ቲክቶክ ላይም "በፊት" እና "በኋላ" እያልኩ የሰው ሳሎን አሳያለሁ። "በፊት" ላይ መብራቱን አጠፋለሁ። "በኋላ" ላይ አበራዋለሁ። ከለውጡ ግማሹ መብራቱ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከዚህ የባሰ ልነግራችሁ ስለሆነ ግን ይህችን እንደ መንደርደሪያ ያዙልኝ።

የተወለድኩት ደሴ ነው። አሁን የምጽፈው ደሴ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ግማሹ በተቀባ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነው። "በኋላ" የሚለው ቪዲዮ አልተቀረጸም። አይቀረጽምም።


፭. ከግድግዳው ላይ ያወረድኳቸው

— ሁለት ሚዳቋዎች ምንጭ ዳር ውሃ የሚጠጡበት የከፋይ ምንጣፍ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እየጠጡ ናቸው።

— ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር። እማዬ ፏፏቴው ስላማራት ብቻ ሳትጥለው የቆየች።

— እኔ፣ በጥቁር ጋውን፣ ከኋላዬ የፎቶ ቤት የውሸት መጻሕፍት።

— "እንኳን ደህና መጡ" የሚል በክር የተጠለፈ ጨርቅ። ጥልፉ የእማዬ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቦታ ስላነሳት ፊደሎቹ ተጨናንቀው ተጠጋግተዋል።

— የአባቴ ፎቶ። ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወርቃማ ፍሬም፣ ጥጉ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ።

— የወንድሜ የናሁሠናይ ፎቶ። ትንሽ ጉርድ፣ በቀለም፣ የቡፌው መስታወት ጥግ ላይ የተሰካ።

የእመቤታችንን ሥዕል አልነካሁም። ያን ያህል አልደፈርኩም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ፎቶዎች ልብ በሉ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ ሄዷል እንጂ አልሞተም። እማዬ የሞተውን በትልቁ ለብቻው ሰቅላ፣ የሄደውን ጥግ ላይ በትንሹ ሰክታ ኖራለች። ይህን ሕግ ማንም ለማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርም፤ በየቤቱ ስትገቡ እያያችሁ ነው የምታድጉት። እኔም አይቼ አድጌያለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ስለ ግድግዳ ሌላ ትምህርት ተማርኩና ረሳሁት።


፮.

ናሁሠናይ ታናሼ ነው። ጎማ ይጠግን ነበር፤ እጁ ሁሌ ጥቁር ስለሆነ እማዬ ነጫጭ ፎጣዎቿን ትደብቅበት ነበር። አንድ ጠዋት "ኮምቦልቻ ደርሼ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ። የደወለው ከጅቡቲ ነው። ቀጥሎ ከየመን። "ዝኑ፣ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም፣ እማዬን አታስጨንቂያት፣ ሳውዲ ስገባ እደውላለሁ" አለኝ። ለፋሲካ ደወለ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ "እንኳን አደረሳችሁ" የምትለዋን ብቻ ሰማን። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

እማዬ ስልኳን ከደረቷ አታወጣም። ቅዳሴ ላይ እንኳ አታጠፋውም። ቄሱ ሲቆጧት "አባቴ፣ ልጄ ቢደውልስ?" አለቻቸው።

መስከረም ላይ ከማኅበሯ ሰዎች ጋር ግሸን ለመሄድ ተነሳች። ለእሱ ስለት ልትሳልለት ነው። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ "ቤቱን እኔ እጠብቅልሻለሁ" አልኳት። "ተባረኪ ልጄ" ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

እንዴት አድርጌ እንደጠበቅኩላት እነሆ እያነበባችሁ ነው።


፯.

ጥንድ ጥንድ አድርጉ።

አንድ ትልቅ ነገር ብቻውን ከተሰቀለ ግድግዳው ወደዚያ ያዘነበለ ይመስላል። ልኩ የሚስተካከል ጓደኛ ፈልጉለት። ፍሬሙ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ከወለሉ ያለው ከፍታም አንድ ዓይነት ይሁን። ይህን በቪዲዮ ስናገር እጆቼን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሰው ይወድልኛል።

አባቴ ብቻውን ነበር።

ወንድሜ ደግሞ መስታወት ጥግ ላይ ተሰክቶ አቧራ ይጠጣል። እማዬ ስትመጣ ልጇን በትልቁ ትየው፣ ቤት ውስጥ ያለ ይምሰላት ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ለቪዲዮው እንደሚያምሩም አስቤያለሁ። የትኛው ሐሳብ እንደቀደመ አትጠይቁኝ።


፰.

ፎቶ ቤት ሄድኩ። ከስልኬ ውስጥ የጥምቀት ዕለት የተነሳውን መረጥኩ፤ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሶ እየሳቀ፣ ጓደኞቹ መሀል። ፎቶ አንሺው ጓደኞቹን ቆረጣቸው። ትከሻው ላይ ያለ የሰው እጅም ቆረጠ። እጁ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀለሙን አጠፋውና ሳቁ ብቻ ቀረ፤ ሳቅ በጥቁርና ነጭ ሲሆን ሌላ ነገር ይመስላል። "ከአባቴ ፎቶ ጋር አንድ ዓይነት አድርግልኝ" ብዬው ነበር፣ አደረገልኝ። በወርቃማ ፍሬም አስገባልኝና ይዤ ወጣሁ።

(እዚህ ላይ የዘለልኩት ነገር አለ። እመለስበታለሁ። ካልተመለስኩ አትመኑኝ።)


፱.

ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ሶፋውን አውጥቼ ግቢ ደርድሬ ግድግዳውን ግራጫ መቀባት ስጀምር ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ወረደ። ካፊያው ተከተለ። ሶፋው ደግሞ ጨርቅ ነው።

ጋሽ ተሰማ የሰፈራችን እድር ዕቃ ጠባቂ ናቸው፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሮቹም፣ ድስቱም እሳቸው ቤት ነው የሚቀመጠው። ቀለም በቀለም ሆኜ፣ ሻርፕ ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥሜ፣ እየሮጥኩ ሄድኩ። የተባባልነውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለደጋገምኩት አይጠፋኝም።

እኔ፦ ጋሽ ተሰማ፣ የእድሩን ድንኳን ይሰጡኝ ነበር? አንድ አግዳሚም ብትሆን።

ጋሽ ተሰማ፦ (ከላይ እስከ ታች አዩኝ።)

እኔ፦ አሁኑኑ ነው የምፈልገው። እማዬ ሳትመጣ።

ጋሽ ተሰማ፦ እሷ አልሰማችም?

እኔ፦ አልሰማችም። ስትመጣ ታየዋለች ብዬ ነው። አደራዎን እንዳይነግሩብኝ።

ጋሽ ተሰማ፦ ይሁን። ይሁን ልጄ። እኛ እናመጣዋለን፣ አንቺ አትልፊ።

ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዚያ ካፊያ ባርኔጣ ማውለቅ ምን ይባላል ብዬ እየሳቅኩ ተመለስኩ።


፲.

እውነትም አልለፋሁም። ሰዎች መጡ፣ ድንኳኑን ከበሩ እስከ ቤቱ ወጠሩት፣ አንድ አግዳሚ ብቻ ብዬ ሳለ ያለውን ሁሉ አምጥተው በረድፍ በረድፍ ደረደሩት። አንዱ ትከሻዬን ዳበስ አድርጎ "አይዞሽ" አለኝ። ሶፋው ስለረጠበብኝ መስሎኝ "ምንም አይል፣ ይደርቃል" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ።

የሰፈሬ ሰው እንዴት ደግ ነው አልኩ ለራሴ። አዲስ አበባ ቢሆን ማን ዞር ብሎ ያይሽ ነበር አልኩ።

ግድግዳው እስኪደርቅ ሁለቱን ፎቶዎች በር ላይ፣ ድንኳኑ ሥር፣ ወንበር ላይ አቆምኳቸው። ቀለም እንዳይነካቸው ወንበሩን ነጭ አንሶላ አለበስኩት። ከሱቅ ያመጣሁትን ነጭ የፕላስቲክ አበባም ከሥራቸው አኖርኩት፤ ሌላ ቦታ አጥቼ ነው።


፲፩.

አሁን እናንተ በሩ ላይ ቁሙ። ጠጋ በሉ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ዕቃው ወጥቷል።

ድንኳን ተጥሏል።

አግዳሚ ተደርድሯል።

ሳሎኑ ባዶ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ነጭ በለበሰ ወንበር ላይ የወጣት ልጅ ትልቅ ፎቶ አለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከሟች አባቱ ጎን፣ ከሥሩ አበባ። ልጁ በየመን በኩል እንደወጣ፣ ድምፁ ከጠፋም እንደቆየ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እህቱ ከአዲስ አበባ በድንገት መጥታለች። ሻርፕ ጠምጥማለች።

ምን አያችሁ?



ለቅሶ።



እኔ ያየሁት ሳሎን ነው።


፲፪.

እትዬ ፋጡማ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እማዬ ገበያ ስትውል ናሁሠናይን ያዘሉት እሳቸው ናቸው። እኔ አግዳሚው ላይ ቆሜ ግድግዳ እየበሳሁ ነበር፤ የድሪሉ ጩኸት ሌላ ድምፅ አያሰማም። ሳጠፋው የእሳቸውን ሰማሁ።

"ናሁዬ፣ የኔ አንበሳ። በሰው አገር አሸዋ። ውሃ የሚያቀምስህ እንኳ ሳታገኝ።"

ዘልዬ ወረድኩ። አቀፉኝ። አቀፍኳቸው።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እሳቸው ድንኳኑን አይተው ለእኔ ተደውሎልኛል ብለው ነው የሚያለቅሱት። እኔ ለቅሷቸውን ሰምቼ ለእሳቸው ተደውሎላቸዋል ብዬ አለቀስኩ። የየመን መንገድ ላይ የእሳቸውም የእህት ልጅ ነበረ፣ ወሬው በዚያ በኩል መጥቷል ብዬ ነው። አንዳችን ሌላችንን አልጠየቅንም።

አመንኩ።

ወዲያው አመንኩ። "ማን ነገረዎት?" አላልኩም። "መቼ?" አላልኩም። ቃሉን ስጠብቀው እንደኖርኩ ሁሉ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ጮህኩ። የእኔን ጩኸት የሰማ ደግሞ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?


፲፫.

ሰፈሩ ሞላ። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ፣ ወንዶቹ ድንኳኑ አፍ ላይ። አንድ ሰው ድሪሉን ከእጄ ተቀብሎ ገመዱን በሥርዓት ጠቅልሎ አስቀመጠው። ሌላዋ ቀለሙን ከጣቶቼ ላይ በነጠላዋ ጠረገችልኝ፤ ነጠላዋ ተበላሸ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። "ፎቶው እንዴት አምሮበታል። ከአባቱ ጋር እንዴት አስተካክለው አሠሩት።"

እያለቀስኩ ነበር። ወንድሜ ሞቷል ብዬ እያለቀስኩ ነበር። ሆኖም ይህን ስሰማ በውስጤ አንድ ነገር ደስ አላት። ለአንድ አፍታ ነው፣ ግን ደስ ብሏታል። ይህን ሰርዤ ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት።


፲፬.

እማዬ በማግስቱ ነበር የምትመጣው። መንገዱ ጥሩ ሆኖላቸው ቀደሙ።

ከባጃጁ ስትወርድ ጸበል የሞላች ትንሽ ጀሪካን ይዛ ነበር። ድንኳኑን አየች። በሯ ላይ የቆሙትን ወንዶች አየች፤ አንገታቸውን ደፉ። መንገድ ለቀቁላት። ማንም አልነገራትም፣ ማንም እንዲነግራትም አላስፈለገም። ጀሪካኗን እንዳትፈስ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ክዳኗን ጠበቅ አደረገች። ቀና ስትል ፎቶው ፊት ለፊቷ ነበር። ከጎኑ እኔ፣ የገዛ ልጇ፣ ፊቴን ነጭቼ።

"ልጄን?" አለች።

ማንንም አልነበረም የጠየቀችው። ከዚያ ወደቀች።

ይህን ነው ያሳየኋት። በድንገት ላስደስታት ብዬ ያዘጋጀሁላት ይህን ነው።


፲፭.

ውሃ ተረጭቶባት ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ ጥያቄ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የጠየቀች እሷ ብቻ ናት።

እማዬ፦ ማነው የደወለው?

እኔ፦ እትዬ ፋጡማ ናቸው የነገሩኝ።

እትዬ ፋጡማ፦ እኔ? እኔ እኮ ድንኳን ሲተከል አይቼ ነው።

ድንኳን የተከሉት፦ እኛን ጋሽ ተሰማ ናቸው የላኩን።

ጋሽ ተሰማ፦ እኔን ዝናሽ ናት የጠየቀችኝ። "እማዬ ሳትመጣ" ብላ።

(ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።)

እኔ፦ ሶፋው እንዳይበሰብስ ነው።



ሶፋው እንዳይበሰብስ ነው።


፲፮.

ከዚያ በኋላ የሆነው መሐላ ነው። እትዬ ፋጡማ በአላህ ማሉ። ጋሽ ተሰማ በሚካኤል ማሉ። እኔ በአባቴ አጥንት ማልኩ። ድንኳኑን የተከሉት ልጆች መልሰው ሲያወርዱት እማዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

"ለምን ታወርዱታላችሁ?" አለች። "ሲነጋ መልሳችሁ ልትተክሉት?"

"ጥሩዬ፣ ምንም የመጣ ወሬ የለም። ስህተት ነው" አሏት እትዬ ፋጡማ።

"የጎረቤታችንን የእናትነሽን ባሏን መኪና የገጨው ጊዜ፣ 'ትንሽ እግሩን ነው፣ ሆስፒታል ተኝቷል' ብዬ የማልኩላት እኔ ነኝ። በእመቤቴ ስም ነው የማልኩላት። ሰው እስኪሰበሰብ፣ ጎህ እስኪቀድ። ገንፎ ሠርቼ አጉርሻታለሁ፤ ስታለቅስ የሚያበረታት ነገር ሆዷ ውስጥ ይኑር ብዬ። አንቺም ከእኔ ጋር ነበርሽ ፋጡማ። አሁን የምትሉኝን አላውቀውም እንዴ?"

ዘመድ ለመርዶ እስኪሰበሰብ ድረስ መዋሸትን ሁላችንም ደግነት ብለን ነው የያዝነው። እውነቱን ለመናገር በፈለግን ቀን የምንናገርበት አፍ አጣን።

ስልክ ደወልኩ። አብሮት የወጣውን ልጅ ቁጥር ሞከርኩ፣ አይሠራም። ሌላ አንድ ልጅ ጅዳ ሆኖ አነሳልኝ፤ "ድንበር ላይ ተለያየን፣ ከዚያ አላየሁትም፣ የታሰሩም አሉ፣ ያለፉም አሉ" አለኝ። ያለፉ ሲል ድንበሩን ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኩትም። ይህን ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት? ሞቷል የሚል የለም፣ አለ የሚልም የለም። ድሮም የነበርነው እዚያው ላይ ነበር፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ እሷ አለ ብላ መያዟ ነው።

አሁን ግን ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ቡፌው ላይ አኑራዋለች። ሲጠራ ዞር ብላ አታይም። እኔ ነኝ እየሮጥኩ የማነሳው። አንዱ የቁጥር ስህተት ነው፣ አንዱ የማኅበሯ ሰው ነው። አንድ ቀን እሱ ራሱ ደውሎ "እማዬን አቅርቢልኝ" ቢለኝ፣ ድምፁን ሰምታ እንኳ "ማንን አስመሰላችሁ ነው?" የምትል ይመስለኛል። የወሰድኩባት ይህንን ነው። ከግድግዳው ያወረድኩትን ሁሉ መልሼ መስቀል እችላለሁ፤ ይህን የምሰቅልበት ሚስማር ግን የለኝም።


፲፯. (፰ እንደገና)

ፎቶ አንሺው ቀለሙን እያጠፋ "ወንድምሽ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"ገና ልጅ ነው እኮ። ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናሽ።"

"አይ፣ እሱ እንኳ አለ" ማለት ነበረብኝ። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። አፌንም ከፍቼ ነበር።



አሜን።



አልኩት። ሰውዬው እንዳያፍር ብዬ ነው ብያለሁ ለራሴ። የናሁን ታሪክ ከየመን ጀምሮ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነው ብያለሁ። አፍ የለመደው ነገር ነው ብያለሁ። ሦስቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ግን ከፎቶ ቤቱ ስወጣ ፍሬሙን ደረቴ ላይ አቅፌ ዳገቱን እየወጣሁ፣ ከባድ ዕቃ ካስቀመጠ ሰው በላይ ቀልሎኝ ነበር። መጠበቅ ደክሞኝ ነበር። ስልክ በጠራ ቁጥር መደንገጥ ደክሞኝ ነበር። ለጋሽ ተሰማ እንዲህ አልኩ፣ ለእማዬ እንዲያ አልኩ፤ ድንኳኑን ግን ከሁሉም በፊት የተከልኩት እዚያ ፎቶ ቤት ይመስለኛል።

ፍሬሙን አልጋ ሥር ፊቱን አዙሬ አስገብቼዋለሁ። ትንሿን ጉርድ ፈልጌ መስታወቱ ጥግ ላይ ሰካኋት። እማዬ አላየቻትም፣ ወይም አይታ አልፋታለች።


፲፰.

ዛሬ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ቀርታለች። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከጓዳ ወጣች፤ እጇ ላይ ጥቁር ቀሚሷን ይዛለች፣ ለአባቴ ሐዘን የለበሰችውን። የናፍታሊን ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ሶፋው ገና ስላልገባ፣ ጋሽ ተሰማ ሳይወስዷት የቀረች አግዳሚ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

"ምንድነው የምትጽፊው?"

"ስለ ቤቱ ነው።"

"እስኪ ይሁን።" ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው፤ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ የድሮው ቢጫ። "ቀለሙ መጥፎ አይደለም" አለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ይህን አለችኝ። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

"ተይ፣ አታልቅሺ። ስሚኝ" አለች። "ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ አሁን ገብቶኛል። ማንም አልደወለልሽም። ተነግሮሽ ቢሆን ኖሮ ግድግዳ አትቀቢም ነበር። ፋጡማም አልዋሸችም። እሱን አምኛለሁ።"

"እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"አልጨረስኩም። ፋጡማ ስታለቅስ አልጠየቅሻትም አሉ።"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"ለምን?"

"እንጃ እማዬ።"

"እኔን ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ 'አይዞሽ፣ ይደውላል' እያልሽ። ያንቺን አፍ ይዤ ነው ይሄን ያህል የቆየሁት። ግሸንም የወጣሁት በዚያ ነው። የእኔ ልብ አሁን ምንም አይነግረኝም ዝኑ። ደክሟል። አንድ ቀን አለ ይለኛል፣ አንድ ቀን የለም ይለኛል። በአንቺ ልሂድ።"

ቀሚሱን ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

"እንዳትምዪልኝ። መሐላ ጠግቤያለሁ። አፍሽም ይቅር። በልብሽ ካለ፣ ይሄን አጥፈሽ ቁምሳጥኑ ውስጥ መልሺው፣ ስልኬንም አምጪልኝ። በልብሽ ከሌለ ደግሞ አልብሺኝ። የትኛውንም ብታደርጊ አልቀየምሽም።"

ዐይኗን ጨፈነች። እጆቿን ትንሽ ከፍ አደረገቻቸው፤ ስልኩን ለመቀበልም፣ እጅጌ ውስጥ ለማስገባትም እንደሚሆን አድርጋ።


፲፱.

ቀሚሱን ይዤ ተነሳሁ።




፳.